የእጅ ባትሪና የሚስማማው የሚሞላ ድንጋይ

በሐረር ከተማ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የእጅ ባትሪ የማያስፈልገው የሥራ ሰው ጥቂት ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ጠባቦችና ጠመዝማዞች ስለ ሆኑ፥ የኤሌክትሪክ መብራት በጠፋ ጊዜ ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ብርሃን በእጁ ካልያዘ ግድግዳ እየዳሰሰ ለመጓዝ ይገደዳል። በሸዋ በር ገበያ ሱቅ የሚጠብቁ ዘበኞች፥ በአወዳይ ሌሊት ጫት የሚመርጡና የሚያስሩ ነጋዴዎች፥ በፈላና በር በኩል ጅብ ሲበላ ለማየት የሚመጡትን እንግዶች የሚመሩ ወጣቶች ሁሉ የዚህ ዕቃ ደንበኞች ናቸው።

ይሁን እንጂ የዚህ ንግድ ጠባይ ተለውጧል። ቀድሞ ነጋዴው የሚያውቀው የእጅ ባትሪ ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርሰውን የቆርቆሮ ቱቦ ነበር፤ ደንበኛውም «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ካለ ንግግሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ዛሬ በካርቶን ተጭነው የሚመጡት የእጅ ባትሪዎች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሆዳቸው ግን እጅግ ይለያያሉ። ብዙዎቹም ያለ ድንጋይ ስለሚመጡ፥ የሚሞላው ድንጋይ ለብቻው ከሌላ አስመጪ ይገዛል። ከዚህ የተነሣ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ደንበኛ ከሦስት አቤቱታዎች አንዱን ይዞ ይመጣል፤ ድንጋዩ አልገባም፥ ወይም ገብቶ አልበራም፥ ወይም በርቶ ወዲያው ተቃጠለ ይላል። ሦስቱም ምክንያት አላቸው፤ ሦስቱንም ዕቃው ከመሸጡ በፊት ማወቅ ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ ስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ መብራቱ ራሱ «ባትሪ» ሲባል፥ በውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። ውጭ አገር ያለው ፋብሪካ ግን «ባትሪ» ብሎ የሚጠራው ድንጋዩን ነው። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «መቶ ባትሪ ይላክልን» ብሎ የጻፈ ነጋዴ መቶ መብራት ሲጠብቅ መቶ ድንጋይ ቢደርሰው፥ ላኪውን ሊከስ አይችልም። በዚህ ጽሑፍም የአገሩ ልማድ ተጠብቆ፥ ድንጋይ ማለት ኀይል የሚሰጠው ነው።

ተራው ድንጋይ፥ ማለት ኀይሉ ካለቀ በኋላ የሚጣለው፥ ከፈረንሳዊው ከዦርዥ ለክላንሼ ሥራ የመጣ ነው፤ እርሱ የዚንክና የማንጋኒዝ ባትሪውን የፈለሰፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ነበር። በ1886 ዓ.ም. ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹን በሊጥ ተክቶ ደረቁን ድንጋይ አስመዘገበ። በቱቦ ቅርጽ የተሠራው የእጅ ባትሪ ደግሞ በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። የሚሞላው ድንጋይ ከዚህ ሁሉ ቀደም ያለ ነው፤ ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሠራው በ1859 ዓ.ም. ነውና። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የሊቲየም ድንጋይ ግን ለሽያጭ የቀረበው በ1991 ዓ.ም. በጃፓኑ በሶኒ ኩባንያ ሲሆን፥ መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሊቃውንት በ2019 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለነጋዴው የሚያስፈልገው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። ድንጋይ የሚለየው በሁለት ነገር፥ በመጠኑና በቮልቱ ነው። ተራው ድንጋይ ትልቅም ሆነ ትንሽ 1.5 ቮልት ነው። የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው የሚሞላ ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው። የሊቲየሙ 3.7 ቮልት ሲሆን፥ ገና ከመሙያው ሲወጣ 4.2 ቮልት ይደርሳል። መጠኑ አንድ ሆኖ ቮልቱ ሦስት እጥፍ የሚለያይ ድንጋይ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ፥ ስሕተቱ የሚወለደው ከዚህ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፥ በቆርቆሮ ቱቦ የሚገባው ትልቁ ድንጋይ ዲ ወይም አር 20 የሚባለው ነው፤ ወርዱ 34 ሚሊሜትር፥ ቁመቱ 61 ሚሊሜትር ያህል ነው። የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ደብል ኤ ወይም አር 6 ይባላል፤ ወርዱ 14፥ ቁመቱ 50 ሚሊሜትር ነው። የሪሞት ድንጋይ ትሪፕል ኤ ወይም አር 03 ሲሆን ወርዱ 10፥ ቁመቱ 44 ሚሊሜትር ነው። የሊቲየም ድንጋዮች ግን ስማቸው ራሱ ልካቸው ነው። 18650 ተብሎ የተጻፈው ወርዱ 18 ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ማለት ሲሆን፥ መጨረሻ ያለው ዜሮ ድንጋዩ ክብ በትር መሆኑን ይገልጻል። 14500 ማለት ወርዱ 14 ቁመቱ 50 ነው፤ ይኸውም የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ልክ ነው። 10440 ደግሞ የሪሞት ድንጋይ ልክ ነው። የእነዚህን የሁለቱን ቁጥር ነጋዴው በቃሉ ቢይዝ መልካም ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይገኛል።

አሁን ወደ መብራቶቹ እንመለስ። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርሰው አሮጌው የቆርቆሮ ባትሪ ብዙ አያስቸግርም። ክር ያለው አምፑሉ አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ቮልት ገደማ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ሁለት የኒኬል ድንጋይ ሲገባበት ልኩን ያገኛል። ብዙ ሰው 1.2 ከ1.5 ስለሚያንስ ብርሃኑ ይደክማል ብሎ ይፈራል፤ ነገር ግን ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት የሚሆነው አዲስ ሳለና ሥራ ሳይጀምር ነው። አምፑሉን ማብራት እንደ ጀመረ ይወርዳል፥ እስኪያልቅም ድረስ መውረዱን አያቆምም። የኒኬሉ ግን ሊያልቅ እስኪል ድረስ በ1.2 አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት ብርሃን በኋላ የሚሞላው ከተራው ቢደምቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ ክፍል ጥንቃቄ የሚያሻው ትልቅ መስሎ ትንሽ በሆነው ድንጋይ ነው። አንዳንድ ፋብሪካ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚያህለውን የኒኬል ድንጋይ በትልቅ ልብስ ሸፍኖ እንደ ትልቅ ድንጋይ ይሸጣል። በላዩ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብሎ ከጻፈ አልዋሸም፤ ገዢው ግን ትልቅ ድንጋይ የገዛ መስሎታል። እውነተኛው ትልቅ የኒኬል ድንጋይ 8000 ወይም 10000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ሲሆን፥ ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ነው። በእጅ ሲመዘን ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ከሆነ ውስጡ ትንሽ ነው። በርካሽ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የግድግዳ ሰዓት ድንጋዩን በስሙ ገዝቶ፥ ትልቅ የሚያደርገውን የፕላስቲክ ልብስ ለብቻው ቢገዛ ይሻለዋል። ነገር ግን የሚያበራበት ጊዜ ማጠሩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የቆርቆሮው ቱቦ ወድቆ የተጨረመተም እንደ ሆነ፥ የሚሞላ ድንጋይ ከማስገባት በፊት በአሮጌ ድንጋይ መፈተን ነው። ተጣብቆ የቀረ ተራ ድንጋይ ከቱቦው ጋር ይጣላል፤ ተጣብቆ የቀረ የሚሞላ ድንጋይ ግን የብዙ ወር ገንዘብ ነው።

ብዙ ጥያቄ የሚነሣው አንገቱ እየተሳበ ብርሃኑን በሚያሰፋውና በሚያጠበው የአሉሚኒየም ባትሪ ላይ ነው። ይህ መብራት ኤል ኢ ዲ በሚባል አምፑል ይሠራል። በጭራው በኩል ክዳኑ ሲፈታ፥ ሦስት የሪሞት ድንጋይ የሚይዝ ክብ የፕላስቲክ መያዣ በውስጡ ይገኛል፤ ወይም መያዣው ቀርቶ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ይገኛል። መያዣው ሦስቱን ድንጋይ በተከታታይ ስለሚያገናኝ፥ በተራው ድንጋይ 4.5 ቮልት፥ በኒኬሉ 3.6 ቮልት ይሰጣል። አንድ 18650 ደግሞ 3.7 ቮልት ይሰጣል። ሁለቱም ለአምፑሉ ይስማማሉ፤ ፋብሪካውም አንዱን መብራት በሁለት ዐይነት ድንጋይ እንዲሠራ አድርጎ ያበጀው በዚህ ምክንያት ነው። ነጩ ቱቦ 18650 በሰፊው ሆድ ውስጥ እንዳይንገዋለል የሚያለብሰው ልብስ ስለ ሆነ፥ ሊጣል አይገባውም። ብዙ ሰው ማሸጊያ መስሎት ይጥለዋል፤ በኋላም ድንጋዩ ይንኳኳል፥ መብራቱም በየእርምጃው ይጠፋል።

አደጋው ከዚህ ላይ ነው። የሪሞት ድንጋይ ልክ ያለው 10440 በሦስቱ ጎድጓዳ ቦታ ያለ ችግር ይገባል። ሲደመር ግን ሦስት ጊዜ 4.2፥ ማለት 12.6 ቮልት ይሆናል። ለ4.5 ቮልት የተሠራው መብራት በቅጽበት ይቃጠላል፤ ባይቃጠልም ድንጋዮቹ እጅግ ይግላሉ። «ልኩ ገባ» ማለት «ይስማማል» ማለት አይደለም። ለአንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ በተሠራው አጭር መብራት ላይም 14500 ሲገባ ነገሩ እንደዚሁ ነው። በመብራቱ አንገት ወይም በካርቶኑ ላይ እስከ 4.2 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ ይቻላል፤ ከሌለ በኒኬሉ መወሰን ይሻላል። ቅርብ ጊዜ የመጣ ሌላ ዐይነትም አለ፤ ሊቲየም ሆኖ በውስጡ ባለ ማስተካከያ 1.5 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ነው። ይህ በተራው ድንጋይ ቦታ ሁሉ ይገባል። ነገር ግን ብርሃኑ ቀስ እያለ ሳይደክም በድንገት ስለሚጠፋ፥ ለሌሊት ዘበኛ የሚሸጥለት ሰው ይህን ሊነግረው ይገባል።

18650 የሚፈልግ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ 18650 ሁሉ አንድ ቁመት የለውምና። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው በእርግጥ 65 ሚሊሜትር ነው። በመደመር ምልክት በኩል ትንሽ ጉጥ ያለው እስከ 67 ይደርሳል። ከመጠን በላይ ከመሞላትና ከመራገፍ የሚጠብቅ ትንሽ ሰሌዳ በጭራው የተለጠፈለት ደግሞ ከ68 እስከ 70 ሚሊሜትር ይረዝማል። ወርዱም በልብሱ ምክንያት ከ18.5 ሊያልፍ ይችላል። የጭራው ሞላ አጭር በሆነበት መብራት ረጅሙ ድንጋይ ሲገባ ክዳኑ አይጠብቅም፤ ገዢው በጉልበት ሲያጠብቀው የድንጋዩ ሰሌዳ ይሰበራል። በአንጻሩ በመደመሩ በኩል ጥምዝ ሞላ ሳይሆን በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ የተደበቀ ጠፍጣፋ ናስ ካለ፥ ጠፍጣፋው ድንጋይ ናሱን አይነካም፥ መብራቱም አይበራም። ቀለበቱ የተቀመጠው ድንጋዩ ተገልብጦ ቢገባ መብራቱ እንዳይበላሽ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ትንሽ ማግኔት በመካከል የሚያስገቡ አሉ። ማግኔቱ ሸርተት ካለ ኮንታክት ስለሚፈጥር፥ ይህ ለደንበኛ የሚመከር ነገር አይደለም፤ ጉጥ ያለውን ድንጋይ መስጠት ነው።

ልኩን ለመውሰድ ካሊፐር ያለው ሱቅ ጥቂት ነው፤ ወረቀትና ማስመሪያ ግን ሁሉም አለው። የድንጋዩን ወርድ ለማወቅ ቀጭን ወረቀት አንድ ጊዜ በላዩ ጠምጥሞ የተገናኘበትን ምልክት ማድረግ፥ ከዚያም ወረቀቱን ዘርግቶ ርዝመቱን ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ነው። ጥምጥሙ 57 ሚሊሜትር ቢሆን ወርዱ 18 ይሆናል። የቱቦውን ሆድ ለመለካት ደግሞ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ውስጥ አስገብቶ በመልቀቅ ግድግዳውን እንዲነካ ማድረግ፥ የተደራረበበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ማውጣት ነው። 60 ሚሊሜትር ከወጣ ሆዱ 19 ነውና 18650 ያለ ልብስ ይገባል። 69 ከወጣ 22 ስለ ሆነ ነጩ ቱቦ ያስፈልገዋል። ቁመቱን ለማግኘት እርሳስ እስከ ወለሉ አስገብቶ በአፉ በኩል ምልክት ማድረግ፥ ከተገኘውም የክዳኑ ሞላ ተጨምቆ የሚይዘውን ቦታ መቀነስ ነው። አንድ ካርቶን ሲከፈት ከውስጡ አንዱን መብራት እንዲህ ለክቶ ውጤቱን በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ድንጋዩ ልኩ ሆኖ ቮልቱም ተስማምቶ ሳለ የሚያታልለው ሦስተኛው ነገር በላዩ የተጻፈው የኀይል መጠን ነው። በገበያ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት 18650 በብዛት ይታያል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። የታወቁት ፋብሪካዎች የሚሠሩት ከ2000 እስከ 3500 የሚይዘውን ነው፤ ከ4000 የሚያልፍ ቁጥር የተጻፈበትን 18650 አለማመን ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። ግማሽ አምፔር፥ ማለት 500 ሚሊአምፔር የሚበላ መብራት በ2500 ድንጋይ አምስት ሰዓት ያበራል። የተጻፈው 9900 እውነት ቢሆን ኖሮ ወደ ሃያ ሰዓት ባበራ ነበር። አንድ ድንጋይ ሞልቶ መብራቱን ማብራትና ሰዓቱን መመልከት ሐሰቱን በአንድ ቀን ያወጣዋል። ከዚህም የፈጠነ መንገድ አለ። ደኅናው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። በጁገል ውስጥ ወርቅና ብር ከሚሠሩት አንጥረኞች በአንዱ ሚዛን ላይ ተቀምጦ 30 ግራም ከሆነ፥ በልብሱ ውስጥ ያለው ከስሙ ያነሰ ነገር ነው። ሁለት ሳንቲም የማታኽል ሚዛን ፊት ለፊት ትልቅ ቁጥር ሲዋረድ ማየት ደስ ያሰኛል።

ስለ መሙያው አጭር ቃል ይበቃል። የኒኬል መሙያ ለኒኬል፥ የሊቲየም መሙያ ለሊቲየም ነው፤ ቦታው ስለ ገባ ብቻ አንዱን በሌላው መሙላት እሳት መጥራት ነው። የሊቲየም መሙያ 4.2 ቮልት ሲደርስ ማቆም አለበት፤ ይህንም በቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል። 3.2 ቮልት የሚል የሊቲየም ብረት ፎስፌት ድንጋይ ከሆነ ደግሞ የራሱ መሙያ ያሻዋል። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለ110 ብቻ የተሠራ መሙያ በጓዝ ውስጥ ተቀላቅሎ እንዳይመጣ ጀርባውን ማንበብ ነው። ተራውን ድንጋይ በማናቸውም መሙያ ማስገባት አይገባም። በአገራችን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የማስጣት የቆየ ልማድ አለ፤ ሙቀቱ በውስጡ የቀረችውን ትንሽ ኀይል ስለሚቀሰቅስ ለጥቂት ደቂቃ ያበራል፥ አዲስ ኀይል ግን አይጨምርም። ይህን ልማድ በሊቲየም ድንጋይ ላይ የፈጸመ ሰው ድንጋዩ ሲያብጥ ወይም ሲፈነዳ ሊያይ ይችላል። የሚሞላ ድንጋይ ለሚገዛ ሽማግሌ ደንበኛ ይህ በተለይ ይነገረው።

ሶኬት ከጀርባው የሚወጣለትና በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው የፕላስቲክ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ድንጋይ በሆዱ የተቀበረበት ስለ ሆነ፥ ድንጋይ መምረጥ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ይሞታል፤ በመጋዘን የሚያሳድረው ነጋዴ በየሦስት ወሩ መሙላት አለበት።

የሚሞላ ድንጋይ ለማን ይሸጣል የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ዘበኛ በሳምንት አንድ ጥንድ ተራ ድንጋይ ይጨርሳል እንበል፤ የሚሞላው ጥንድ ከመሙያው ጋር የተራውን ጥንድ ዋጋ ዐሥራ አምስት እጥፍ ቢያወጣ፥ በዐሥራ አምስት ሳምንት ዋጋውን ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ የዘበኛው ነው። ጥሩ የኒኬል ድንጋይ ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚሞላ ትርፉ ዓመታት ይቆያል። ከኤረር ሸለቆ የሚመጣ፥ በቤቱ ኤሌክትሪክ የሌለውና ባትሪውን በወር ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያበራ ገበሬ ግን በተራው ድንጋይ ቢቆይ ይጠቅመዋል። ለእርሱ የሚሞላውን የሚያስታቅፍ ሻጭ አንድ ጊዜ አትርፎ ደንበኛውን ያጣል። ባትሪውን ለክፉ ቀን ብቻ የሚያስቀምጥ የከተማ ሰው የኒኬል ድንጋይ ከፈለገ፥ ኀይሉን ሳያፈስ የሚቆየውን ዐይነት ሊሰጡት ይገባል፤ የቀድሞው ዐይነት በመደርደሪያ ላይ ሳለ በጥቂት ወራት ይራገፋልና።

በመጨረሻ ስለ ትእዛዝ ደብዳቤው። «የሚሞላ ድንጋይ፥ 200 ፍሬ» የሚል ትእዛዝ ላኪው የፈለገውን እንዲልክ ፈቃድ መስጠት ነው። መጻፍ የሚገባው እንዲህ ነው። «ሊቲየም 18650፥ 3.7 ቮልት፥ በመደመሩ በኩል ጉጥ ያለው፥ መጠበቂያ ሰሌዳ ያለው፥ ጠቅላላ ቁመቱ ከ69 ሚሊሜትር የማይበልጥ፥ ከ2500 ሚሊአምፔር ሰዓት የማያንስ፥ ክብደቱ ከ45 ግራም የማያንስ፥ እያንዳንዱ በፕላስቲክ ሣጥን ለብቻው የታሸገ፥ 200 ፍሬ። ከጭነቱ በፊት 2 ፍሬ ለናሙና ይላክ።» ሁለቱ ናሙና ሲደርሱ በሱቁ ካለው መብራት ገብተው፥ ተመዝነው፥ አንድ ሌሊት አብርተው ከታዩ በኋላ የቀረው እንዲጫን ይፈቀዳል። ለብቻ መታሸጋቸው የተጠየቀውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ዳገቱን ሲወጡ በአንድ ከረጢት የተጨናነቁ የሊቲየም ድንጋዮች ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ተነካክተው ኮንታክት ከፈጠሩ፥ የሚቃጠለው ከረጢቱ ብቻ አይሆንም።